ደጃፍ ላይ ስትቆሙ ምን ይነበባል? ለሰፈር የቃል ታሪክ ሥራ ሎጎ፣ ፊደልና ቀለም ሲመረጥ

በሩን የከፈቱልን እናት ቀድመው ያዩት እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ነው። ድምፃቸውን ለመቅዳት የምናስፈርመው የስምምነት ቅጽ ነበር። አናቱ ላይ ክብ ሎጎ አለው፤ ሰማያዊ፣ ዙሪያውን ጽሑፍ የከበበው፣ መሀሉ ላይ ቤት የተሳለበት። «ከወረዳ ናችሁ?» አሉን። «ኧረ አይደለንም እማማ፣ የሰፈሩ ልጆች ነን፤ የድሮውን ካዛንቺስ እንዲያጫውቱን ነው የመጣነው» ብንላቸውም ዓይናቸው ከዚያ ክብ ላይ አልተነሣም። ቡና አፍልተው አጠጡን፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አጫወቱን፣ መርቀው ሸኙን። ስለ ሰፈሩ ግን ትንፍሽ አላሉም። ያን ሎጎ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አማራጩን ሁሉ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ይዤ አንድ ደጃፍ ላይ ብቆም፣ በሩን የሚከፍተው ሰው ማን የላከኝ ይመስለዋል?

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ፤ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ፤ ነዋሪው ገላን ጉራና ሌላ ሌላም ቦታ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸውን ይዘው የእናቶቻቸውንና የጎረቤቶቻቸውን ድምፅ የሚቀዱ ወጣቶች በዝተዋል፤ ይህን ሳይ ልቤ ይሞላል። እኔ ዘንድ ሲመጡ የመጀመሪያ ቃላቸው «ሎጎ ሥራልን» ነው። እኔ ደግሞ ከስሙ እንጀምር እላቸዋለሁ።

ስሙ

«አፈ ታሪክ» የሚለውን ከስማችሁ አውጡት። በሥነ ቃል ትምህርት አፈ ታሪክ የሚባለው ከትውልድ ትውልድ በአፍ ሲነገር የመጣ፣ እውነትና ፈጠራው የተቀላቀለ ትረካ ነው። አንዲት እናት በዓይናቸው ያዩትን እየነገሯችሁ ከላይ «አፈ ታሪክ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ምስክርነታቸውን ተረት አደረጋችሁት። «የቃል ታሪክ» ትክክለኛው ቃል ነው፤ ችግሩ የስብሰባ አጀንዳ ይመስላል፣ ብቻውን ሲቆም ይቀዘቅዛል። «ትዝታ» ልብ ይነካል፤ ግን ቅኝቱም ትዝታ ነው፣ ዘፈኑም ትዝታ ነው፣ ቡና ቤቱም ትዝታ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚፈልጋችሁ ሰው ከዚያ ሁሉ ትዝታ መሀል አያገኛችሁም።

እኔ የምመርጠው የሰፈሩን ስም በትልቁ፣ «የቃል ታሪክ»ን ከሥሩ በትንሹ መጻፍን ነው። የሰፈር ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። ካዛንቺስን ውሰዱ፦ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ተቋም ምህጻረ ቃል፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የመጣ ነው። የባዕድ መሥሪያ ቤት ምህጻረ ቃል በሰፈሩ ሰው አፍ ተሞርዶ የታክሲ ረዳት የሚጣራው አማርኛ ሆነ። ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

አንድ ነገር አደራ፤ አጻጻፉን ከህትመት በፊት ቁረጡ። «ሰፈር» ነው «ሠፈር»? «ድምፅ» ነው «ድምጽ»? አንባቢ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ያነባል፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ባነሩ ላይ በአንዱ፣ ቻናሉ ላይ በሌላው ከጻፋችሁ ፈላጊ ያጣችኋል።

ሎጎው፦ ምልክት፣ ማኅተም ወይስ ስሙ ብቻ?

ከምልክት የሚጀምሩት ይበዛሉ። ማይክሮፎን ቀድሞ ይመጣል። ማይክሮፎን ያየ ሰው ጋዜጠኛ መጣ ይላል፤ ጋዜጠኛ መጣ ያለ ሰው ደግሞ ቃሉን ይመርጣል፣ የሰፈር ወሬውን ትቶ ንግግር ያደርጋል። የድምፅ ሞገድ ለወጣቱ ግልጽ ነው፤ ሰባ ዓመት ለሞላቸው ሰው ግን የልብ ምርመራ ወረቀት ነው፤ ቴሌግራም ላይ በትንሿ ክብ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ማበጠሪያ ይመስላል። ጀበናስ? ጨዋታው የሚሞቀው ቡና ላይ መሆኑ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጀበናን ምግብ ቤቱም አስጎብኚውም ቀድመው ወስደውታል። ጀበናው በቪዲዮው ውስጥ ይታይ እንጂ ሎጎ አይሁን።

ቤት ከሁሉም የሚከብደው ነው። እኔም የሳልኩት ቤት ነበር፦ በረንዳ ያለው፣ ባለ ድንጋይ መሠረት የጣልያን ቪላ። ያምራል። አንድ አባት ግን ረቂቁን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ካዩት በኋላ «ይህ የእነሱ ቤት ነው፤ እኛ ከጓሮው ነበርን» አሉኝ። ከቪላው ኋላ ያለችው የጭቃ ቤት፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ዘጠኝ ሰው ያደገባት። ሰፈሩን የሞላው ሰው የኖረው እንዲህ ባለው ቤት ሆኖ ሳለ እኔ የሳልኩት ፎቶ ላይ የሚያምረውን ነው። ጭቃ ቤቱን ብስለውስ? ያን ጊዜ ደግሞ ቪላው ውስጥ ያደጉት ይወጣሉ። አንድ ቤት ሰፈሩን አይወክልም፤ የማንን ቤት መረጣችሁ የሚል ቅሬታ ይዞ ይመጣል።

ማኅተም የሚመስለው ክብ ሎጎ መነሻው መልካም ነው። እድሩም ማኅበሩም ማኅተም አለው፤ ሰው ያምነዋል። ሆኖም እድሩን የሚያሳምነው ማኅተሙን የያዙትን ሊቀ መንበር ሁሉም ስለሚያውቃቸው ነው። ከማይታወቅ ልጅ እጅ ሲመጣ ያው ክብ የመሥሪያ ቤት ወረቀት ይሆናል፤ በተለይ ቤቱ ተቆጥሮ፣ ተለክቶ፣ ፎርም ተሞልቶበት ለተነሣ ሰው። የእድሩን ድጋፍ ካገኛችሁ የእድሩን ደብዳቤ ያዙ፤ ሎጎአችሁን ግን ማኅተም አታስመስሉት።

ስሙን ብቻ በፊደል መጻፍ ነው እኔ ጋ የሚያሸንፈው። ምን ለማለት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ካዛንቺስ ካዛንቺስ ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶችስ ላላችሁት፣ እነሱን የሚያረጋጋው አብሯችሁ የሄደው የጎረቤት ልጅ ነው፤ የትኛውም ሥዕል እሱን አይተካም። ለቴሌግራሟ ክብ ስሙ ከረዘመ በሁለት መስመር ስበሩት፦ ከላይ «ካዛን»፣ ከታች «ቺስ»። ነውር የለበትም፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ቃል መስመር ላይ ሲያልቅባቸው ያለ ምንም ሰረዝ ሰብረው ወደ ታች ያወርዱት ነበር።

ከተራኪዎቻችሁ መሀል ኦሮምኛ የሚናገሩ ካሉ ቁቤው የላቲን ፊደል ስለሆነ ሁለቱንም ገና ከረቂቁ ጎን ለጎን ሥሩ። የአማርኛው ካለቀ በኋላ ጥግ ላይ የሚለጠፍ ሁለተኛ ስም ለባለቤቱ እንግድነት ይሰማዋል።

ፊደሉ፦ በእጅ ወይስ በፎንት?

ጊዜና ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉ።

በእጅ የሚጻፍ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በመቃ የሚጻፈው የቁም ጽሕፈት ነው። ውበቱን የሚስተካከል የለም፤ ሲታይ ግን ቤተ ክርስቲያንን ያስታውሳል። ሙስሊምና ክርስቲያን አጥር ተጋርተው ለኖሩበት ሰፈር ያ ፊደል ግማሹን ሰው እንግዳ ያደርጋል። ሐረጉን፣ የብራናውን ጌጥ፣ በቀይ የተጻፈውን አርእስት ማምጣት ለገዳም ታሪክ ተገቢ ነው፤ ለሰፈር ታሪክ ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ሁለተኛው የታፔላ ጸሐፊው ፊደል ነው። የልብስ ሰፊውን፣ የጸጉር አስተካካዩን፣ የሥጋ ቤቱን ስም በዘይት ቀለም በቆርቆሮ ላይ የጻፈው ሰው እጅ። ይህ የሰፈሩ የራሱ ፊደል ነው፤ ነዋሪው ዕድሜ ልኩን ያለፈበት ነው። ከፈረሳው የተረፈ ታፔላ ከተገኘ ፎቶ አንሡት፣ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ፊደሉን ከእሱ ቅዱ። ጸሐፊው በሕይወት ካለ ደግሞ ሄዳችሁ ከፍላችሁ አስጽፉት፤ ሲጽፍም ድምፁን ቅዱ፤ እሱም ታሪክ ነጋሪ ነው። እኛ ያገኘነው አንድ የቀለብ ሱቅ ታፔላ ነበር። «ስ»ዋ ላይ ቡርሹ ቀለም ያለቀበት ይመስላል፣ ጫፏ ይሳሳል። አላስተካከልነውም። ያንን ፊደል ይዘን ወደ እነዚያ እናት ስንመለስ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው «ይሄ የማን ጽሕፈት ነው? አውቀዋለሁ» አሉ፤ ስለ ሱቁ ባለቤት ጀመሩልን፤ ከዚያም ስለ ዱቤው፣ ከዚያም በዱቤው ምክንያት ስለተጣሉት ሁለት ጎረቤቶች።

የታፔላው ፊደል ለስም ብቻ ነው። ቅጹን፣ ብሮሹሩን፣ ከድምፅ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠውን ሁሉ በፎንት ነው የምትጽፉት። ሰዉ የሚያውቀው ንያላን ነው፤ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ለዓመታት ከኮምፒውተሩ ጋር ይመጣ ስለነበር ደብዳቤው ሁሉ የተጻፈበት ነው። ክፉ ፎንት አይደለም፤ ደጃፍ ላይ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይሸታል። በዚያ ላይ ክብደቱ፣ ማለትም የፊደሉ ውፍረት፣ አንድ ብቻ ነው። አቢሲኒካም እንደዚሁ አንድ ክብደት አለው፤ ግን የብራናን እጅ ተከትሎ የተሠራ ስለሆነ ረጅም ጽሑፍ ሲነበብበት ዓይን አይደክምም። ኖቶ ሰሪፍና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከቀጭን እስከ ወፍራም ብዙ ክብደት አላቸው። አቢሲኒካና ሁለቱ ኖቶዎች በነጻ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ማተሙም፣ ድረ ገጽ ላይ መጫኑም ይቻላል። ንያላ ግን የማይክሮሶፍት ንብረት ነው።

የክብደቱ ነገር ለምን አሳሰበህ ትሉኝ ይሆናል። ንያላ ወይም አቢሲኒካ ላይ «ቦልድ» ስትጫኑ ፕሮግራሙ ወፍራም ፊደል ስለሌለው ያንኑ ፊደል ዙሪያውን ያደልበዋል። አሁን «ቤ»ን ተመልከቱ፦ ከ«ቢ» የሚለያት ቀኝ እግሯ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ሲደለብ ቀለበቷ ትደፈናለች፤ «ቤት» «ቢት» ይሆናል። «ሴት»ም «ሲት»። ይህን በፎቶ ኮፒ ላይ፣ መነጽር ቤት ረስተው በመጡ አዛውንት ዓይን አስቡት። ስለዚህ ርእስና ንዑስ ርእስ ላለበት ቅጽ ኖቶ ሰሪፍን እመርጣለሁ፤ ስልክ ላይ ለሚነበብ ነገር ኖቶ ሳንስን፤ ለሙሉ መጽሐፍ አቢሲኒካን፣ ርእሱን በማደለብ ሳይሆን በመጠን አተልቄ። ጎባጣ ፊደል፣ ኢታሊክ የሚሉት፣ በእኛ ጽሕፈት የቆየ ቦታ የለውም፤ የተራኪውን ቃል ለመለየት ትእምርተ ጥቅሱ ይበቃል።

ተራኪዎቹ ጉራጊኛ ከቀላቀሉ ደግሞ ፎንቱ የሰባት ቤት ጉራጌን ተጨማሪ ፊደሎች መያዙን ፈትሹ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ እነዚያ ፊደሎች የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ የቆዩ ፎንቶች ላይ ባዶ ሣጥን ሆነው ይወጣሉ። ከዩኒኮድ በፊት የተሠሩትን ፎንቶችማ ፈጽሞ አትንኩ። ስክሪን ላይ ያምራሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን አንድ ልጅ የአያቱን ስም ሲፈልግ ኮምፒውተሩ የሚያገኘው የላቲን ቆሻሻ ነው።

መጠን? ለቅጽ ከ14 ነጥብ አታውርዱ።

ቀለሙ

አረንጓዴ ቢጫ ቀይ መጀመሪያ የሚታሰብ ነው። ሦስቱን ቀለሞች ከነኮከቡ ብታደርጉ አንድ ወገን፣ ያለ ኮከቡ ብታደርጉ ሌላ ወገን ያደርጓችኋል፤ የሰፈር ሰው ደግሞ ከሁሉም ወገን ነው። ተዉት።

ቡናማው፣ ያረጀ ወረቀት የሚመስለው ዳራ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። ነገሩን ሁሉ ጥንት ያስመስለዋል። እነዚህ ሰዎች ከተነሡ ገና ጥቂት ጊዜያቸው ነው፤ የሚነግሯችሁም ትናንት የሆነውን ጭምር ነው።

ቀይን ለብቻው ላንሣው፤ እኔ ራሴ እወደዋለሁና። ብራና ላይ ቀይ ቀለም የክብር ነው፤ የቅዱሳን ስምና የምዕራፍ መክፈቻ የሚጻፍበት። ካዛንቺስ ውስጥ በ1969 እና 1970 ዓ.ም. ወጣት ለነበረ ሰው ግን ቀይ ከሽብር ጋር ነው የሚነሣው። ግድግዳው ላይ በቀለም ምልክት ተደርጎበት እንዲፈርስ የተነገረው ሰውም ደማቅ ቀለም ግድግዳ ላይ ማየት አይፈልግም። ረቂቁን በቀይ ሠርተን ስናሳይ አንዲት እትዬ ወረቀቱን ገልብጠው አስቀመጡት፤ ምክንያቱን አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

የሚሻለው ጥቁር በነጭ ላይ ሆኖ አንድ ቀለም ብቻ መጨመር ነው። ቀለሙንም ከሰፈሩ ውሰዱ፤ የዛገ ቆርቆሮ ወደ ብርቱካን የሚመታው ቡናማ፣ ወይም የሳሎን ግድግዳው ሰማያዊ። እኛ የወሰድነው የዛገውን ቆርቆሮ ነው። በስልክ ያየነው ደማቅ ሰማያዊ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ደብዝዞ ወጥቶብን ነበር፤ ዝገቱ ግን እንዳለ ወጣ። ብዙ ኮፒ ከማዘዛችሁ በፊት አንድ ናሙና አሳትሙ። ለድረ ገጽ ደግሞ ጽሑፉና ዳራው ቢያንስ 4.5 ለ 1 የሆነ የብርሃን ልዩነት እንዲኖራቸው ዓይኑ የደከመም ሰው እንዲያነበው የወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ያዛል፤ በነጻ የሚለኩ ገጾች አሉ። ከሁሉ በላይ ግን የፎቶ ኮፒ ፈተናውን አትዝለሉ፦ ሎጎውን ሦስት ጊዜ ኮፒ፣ የኮፒ ኮፒ አድርጉት። ጥላና ቅልቅል ቀለም ያለው ሎጎ ሦስተኛው ላይ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ቅጻችሁ በሰፈር ኮፒ ቤት ነው የሚባዛው።

ፊት፣ ሥዕል ወይስ ዕቃ?

የአንድ እናት የተጨማደደ ፊት በትልቁ ባነር ላይ ሲወጣ የማይነካው ሰው የለም። ለአንድ ጊዜ ዝግጅት፣ ፈቅደው፣ ባነሩን ራሳቸው አይተውት ከሆነ መልካም ነው። የሥራው ቋሚ መለያ አታድርጉት። ተራኪ የሰጠውን ቃል መልሶ የመውሰድ መብት አለው፤ ድምፁን ከቻናሉ ማውረድ ይቻላል፣ ቲሸርት ላይ የታተመን ፊት ግን ማን ይሰበስበዋል? ሥዕል ከዚህ ያድናል፤ ነገር ግን ሠዓሊው ካልተጠነቀቀ ሁሉም ሽማግሌ አንድ ዓይነት ነጭ ሽበትና ጋቢ ይሆናል።

እኔን ያሳመነኝ ዕቃ ነው። አንዲት እናት ከአልጋ ሥር ፌስታል አወጡ። ውስጡ የመብራት ቢል ነው፤ በዓመት በዓመቱ ተደርድሮ በላስቲክ ታስሯል፣ የፊተኞቹ ቀለማቸው ለቆ ሊጠፋ ደርሷል። «ቤቱ እንደነበረ ምስክሬ ይሄ ነው» አሉ። ያን እሽግ በመስኮት ብርሃን፣ በነጭ ነጠላ ላይ አድርገን አነሣነው፤ የእሳቸው ቃል የወጣበት ክፍል ሽፋን እሱ ሆነ። ዕቃ ፊት አይገልጥም፣ ሃይማኖትና ብሔር አይለይም፣ ተመልካቹም «እኛም ቤት አለ» ይላል። ስም፣ የቤት ቁጥርና የደንበኛ ቁጥር ግን መሸፈኑን አረጋግጡ። ድምፁን በፖድካስት የምታወጡ ከሆነ ሽፋኑ ጎኖቹ እኩል የሆኑ አራት ማዕዘን ይሁን፤ አፕል የሚቀበለው ጎኑ ከ1400 እስከ 3000 ፒክስል የሆነውን ነው፤ በትልቁ ሠርታችሁ ብትይዙ ይሻላል።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ «የድሮ አዲስ አበባ» ፎቶ ደግሞ ቦታው እዚህ አይደለም። ለማስዋቢያም ቢሆን። ያልነበረ መንገድና ያልኖረ ሰው ከእውነተኛው ምስክርነት ጎን ሲቀመጥ፣ አድማጩ እውነተኛውንም መጠርጠር ይጀምራል። ጥቁርና ነጩን የስቱዲዮ ፎቶም ቀለም አትቀቡት፤ የቀሚሱን ቀለም የሚያውቁት የለበሱት እናት ናቸው፤ ጠይቋቸው፣ መልሳቸውንም ቅዱ።

ማን ይሥራው?

ባለሙያ መክፈል ከቻላችሁ ክፈሉ፤ ካልቻላችሁ የዲዛይን ተማሪ ከአንድ የሰፈሩ ሰው ጋር አጣምሩ። በፌስቡክ ውድድር ከፍቶ በላይክ መምረጥን አልመክርም፤ የሚመርጠው ሰፈሩን የማያውቅ ሰው ነው። ረቂቁን ለአምስት ተራኪ፣ በታተመ ወረቀት፣ ቤታቸው ሄዳችሁ አሳዩ። «ወደዱት?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለእንግዳ «አይ» የሚል የለም። «ይህ ከማን የመጣ ይመስልዎታል?» በሉ።

ገንዘቡ አንድ ነገር ብቻ የሚያሠራ ከሆነ የታፔላውን ጸሐፊ አሠሩበት። ትንሽ ከተረፈ ቅጹ በደንብ ይታተም። ሮል አፕ (የሚቆመው ባነር) እና ቲሸርት የመጨረሻዎቹ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ሳይሠራ አይቅር። ለእያንዳንዱ ተራኪ ድምፃቸው ያለበት ፍላሽ በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ ስጡ። እኛ የመጀመሪያዎቹ ፖስታዎች ላይ ሎጎውን በትልቁ፣ የተራኪውን ስም ጥግ ላይ አትመን ነበር። በሁለተኛው ዙር ገለበጥነው፤ ስማቸው ከነማዕረጋቸው፣ «ወይዘሮ» ወይም «አቶ» ተብሎ፣ በታፔላው ፊደል መሀል ላይ፤ የእኛ ከጀርባው። እነዚያ ቡና አፍልተው ያጠጡን እናት ፍላሹን ለልጅ ልጃቸው ሰጡት፤ ፖስታውን ግን ከፎቶዎቹ ጋር ቁም ሣጥን መስታወት ላይ ሰክተውታል።